ኪኒኑን ከመስጠታችሁ በፊት፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ሰው ለምትንከባከቡ

ደብረ ብርሃን ላይ በአእምሮ ህክምና ነርስነት እሠራለሁ። በማዕከል ተቀጥረው የሚንከባከቡ፣ እቤታቸው ወንድማቸውን ወይም ልጃቸውን የሚጠብቁ፣ አንዳንዴም ከመሐል ሜዳና ከዓለም ከተማ የሚደውሉ ሰዎች ሁለት ነገር ደጋግመው ይጠይቁኛል። አንደኛው «ሲስተር፣ ይሄ መድኃኒት የምንድን ነው? ስጡ ስለተባልን ነው የምንሰጠው» የሚል ነው። ሁለተኛው «አልቀመጥ፣ አልተኛ አለ፤ ትንሽ ይጨመርለት?» ነው። በየስልኩ ቆርጬ ቆርጬ ከምመልስ ሙሉውን አንድ ቦታ ላይ ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። የአእምሮ እድገት ውስንነትን የሚያድን ኪኒን የለም። መድኃኒቱ የሚታዘዘው ከውስንነቱ በተጨማሪ ለመጣ ሌላ ነገር ነው፤ ለድብርት፣ ለከባድ ጭንቀት፣ የሌለ ድምፅ ለመስማት፣ ለሚጥል በሽታ። ሌላው ታካሚ «ራሴን አዞረኝ፣ አፌ ደረቀ» ብሎ ለሐኪሙ ይናገራል። እናንተ የምትንከባከቡት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይህን መናገር አይችልም። ሐኪሙ በቀጠሮ ቀን ጥቂት ደቂቃ ያየዋል፣ እናንተ ግን ቀንና ሌሊት አብራችሁት ናችሁ። ስለዚህ መድኃኒቱ መጥቀሙም መጉዳቱም የሚታወቀው እናንተ ባያችሁትና በጻፋችሁት ነው።

ይህ መመሪያ ሐኪምን አይተካም። መጠን መጨመር፣ መቀነስ፣ ማቆም የእናንተ ሥራ አይደለም። ማየት፣ መጻፍ፣ መጠየቅና ቶሎ መናገር ግን የእናንተ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ደብተር። የሁለት ሰው ነገር አንድ ደብተር ላይ አይጻፍ።
- የመድኃኒት መስጫ ሠንጠረዥ። በመስመር የተከፈለ ወረቀት ይበቃል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠን፣ የሰጪው ፊርማ።
- ቁልፍ ያለው ሳጥን ወይም ቁም ሳጥን። ከምድጃና ከእርጥበት የራቀ ይሁን።
- ፈሳሽ መድኃኒት ካለ መለኪያ ሲሪንጅ ወይም ምልክት ያለው ኩባያ። የቤት ማንኪያ መጠኑ ስለሚለያይ አይሆንም።
- ቴርሞሜትር።
- ሚዛን። ከሌላችሁ በወር አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመዝኑ።
- የማዘዣው ወረቀት ፎቶ በስልካችሁ፣ የጤና መድን ካርድ፣ የጤና ጣቢያውና የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ቁጥር። ቁጥሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ስልክ ባትሪ ይዘጋል።

1. የእያንዳንዱን መድኃኒት «ለምን» ጠይቁና በአማርኛ ጻፉ

ማዘዣው ላይ ስሙና መጠኑ እንጂ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ያዘዘውን ሰው ጠይቁት። «ዶክተር፣ ይሄ ለምንድን ነው የታዘዘው? ምን ለውጥ እንጠብቅ? በስንት ጊዜ?» በሉ። መልሱን ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በሦስት መስመር ጻፉ።

«ለረብሻ» ብላችሁ አትጻፉ። ረብሻ ምን ማለት ነው? «ሌሊት የማይታይ ሰው እያናገረች ትጮኻለች፣ በሳምንት አራት ሌሊት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ከወር በኋላ ስንት ሌሊት እንደሆነ መቁጠር ትችላላችሁ። ምክንያቱ ያልታወቀ መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱ አይታወቅም፣ ስለዚህ ማንም ደፍሮ አያቆመውም፣ ዓመታት ይቀጥላል።

እዚህ አካባቢ በብዛት የምታገኟቸው እነዚህ ናቸው፦

ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒን። በዋናነት የሌለ ድምፅ ለሚሰማ፣ የሌለ ነገር ለሚያይ፣ ከእውነታ ለወጣ ሰው ናቸው። በየወሩ አካባቢ የሚሰጠው የፍሉፌናዚን መርፌም እዚህ ውስጥ ነው። አንዳንዴ ራስን ወይም ሌላውን ለሚጎዳ ጠባይም ይታዘዛሉ። ለዚህኛው ግን ያላቸው ጥቅም ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት በእንግሊዝ፣ በዌልስና በአውስትራሊያ 86 የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው፣ የሚማቱ ግን ሳይኮሲስ (ከእውነታ የመውጣት ህመም) የሌለባቸው ሰዎች ተከፍለው አንዳንዶቹ ሃሎፔሪዶል፣ አንዳንዶቹ ሪስፔሪዶን፣ ሌሎቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ተሰጣቸው። በአራት ሳምንት ውስጥ ሦስቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ ይበልጥ የቀነሰው ደግሞ ባዶ ኪኒን የወሰዱት ጠብ ነበር። ይህን የምነግራችሁ መድኃኒቱን እንድታቋርጡ አይደለም። «ይጨመርለት» ከማለታችሁ በፊት ቆም እንድትሉ ነው።

ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ አሚትሪፕቲሊን። ለድብርትና ለጭንቀት። ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በሳምንቱ «አልሠራም» ተብሎ አይቆምም። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ከተወሰደ ይገድላልና ቁልፉ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ።

ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን፣ ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ ፌኒቶይን። ለሚጥል በሽታ። ካርባማዜፒንና ቫልፕሮኤት ለስሜት መዋዠቅም ይታዘዛሉ። ቫልፕሮኤት በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ መውለድ በምትችል ልጅ ወይም ሴት ላይ ታዝዞ ካያችሁ ጠይቁ። «እሷ እኮ አታገባም» ማለት መልስ አይሆንም።

ዲያዜፓም። ለአጭር ጊዜ ማረጋጊያ፣ ላላቆመ የሚጥል ህመምም። ለወራት በየቀኑ ከተወሰደ ሰውነት ይለምደዋል።

ትራይሄክሲፌኒዲል፣ ብዙዎቻችሁ አርቴን የምትሉት። የእነ ሃሎፔሪዶልን የጎንዮሽ ጉዳት የሚያስታግስ ነው እንጂ በራሱ የአእምሮ በሽታ መድኃኒት አይደለም። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲበዛ ግራ ያጋባል። ሃሎፔሪዶሉ ቆሞ አርቴኑ ብቻ ሲቀጥል ካያችሁ «ለምን ይቀጥላል?» በሉ።

2. «ጠባዩ ተበላሸ» ከማለታችሁ በፊት ሰውነቱን ፈትሹ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ብዙ ሰው ያለ አግባብ መድኃኒት የሚጨመርበት እዚህ ነው። መናገር የማይችል ሰው ሲያመው ይጮኻል፣ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል፣ ይነክሳል፣ ምግብ ይገፋል። ሐኪሙ ፊት «በጣም ያስቸግራል» ብቻ ካላችሁ የሚታዘዘው ማረጋጊያ ነው። ጥርሱ ግን እንደታመመ ነው።

ስለዚህ ጠባዩ በድንገት ሲለወጥ ከላይ እስከ ታች ተመልከቱ።

- አፉን ከፍታችሁ እዩ። የተቦረቦረ ጥርስ፣ ያበጠ ድድ፣ የቆሰለ ምላስ አለ?
- ጆሮውን ይመታል? ፈሳሽ ይወጣዋል?
- ለመጨረሻ ጊዜ ሰገራ የወጣው መቼ ነው? ካላወቃችሁ ከዛሬ ጀምራችሁ መዝግቡ።
- ከበላ በኋላ ነው የሚጮኸው? ቃር ሊሆን ይችላል።
- ሽንት ሲሸና ይጮኻል? ሽታው ተለውጧል?
- ሴት ከሆነች የወር አበባዋ ሊመጣ ነው?
- ጫማው እግሩን ልጦታል? ቁስል፣ እብጠት፣ ስብራት አለ?
- ትኩሳቱን ለኩ።
- በርዶታል? በጥቅምትና በኅዳር የደብረ ብርሃን ውርጭ ጤነኛውንም እንቅልፍ ይነሳል። ሌሊት እየተነሳ የሚጮኸው ሰው ሁለተኛ ብርድ ልብስ ብቻ ፈልጎ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ኑሮው ውስጥ የተለወጠ ነገር ፈልጉ። የለመዳት ተንከባካቢ ሥራ ለቅቃለች? አልጋው ተዛውሯል? እናቱ ሞተው ማንም አልነገረውም? ያልተነገረው ሰው አያዝንም ማለት አይደለም።

ከዚያም የሚወስደውን መድኃኒት ተመልከቱ። ፌኖባርቢታል በተለይ ልጆችንና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ቁጡና ቅብጥብጥ ሊያደርግ ይችላል። ለሚጥል በሽታ የጀመረው ኪኒን ቅብጥብጥ አደረገው፣ ለቅብጥብጡ ሃሎፔሪዶል ተጨመረ፣ ለሃሎፔሪዶሉ ጉዳት አርቴን ተጨመረ፣ አርቴኑ ሆዱን አደረቀው፣ ሆዱ ሲደርቅ እንደገና ጮኸ። እንዲህ ያለ ሰንሰለት ካያችሁ የመጀመሪያው ኪኒን የተጀመረበትንና ጠባዩ የተለወጠበትን ቀን ጎን ለጎን ጽፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩ።

አስቸኳይ ካልሆነ ለሁለት ሳምንት ያህል እያንዳንዱን ክስተት በሦስት መስመር ጻፉ፦ ከመሆኑ በፊት ምን እየተደረገ ነበር፣ እሱ ምን አደረገ፣ ከዚያ እኛ ምን አደረግን። ብዙ ጊዜ ገጹ ራሱ ይናገራል። ሁልጊዜ ገላ መታጠቢያ ሰዓት ላይ ከሆነ ችግሩ ያለው ውሃው ወይም አስተጣጠቡ ላይ ነው።

3. መድኃኒቱ ከፋርማሲ ሲመጣ እጃችሁ ላይ እያለ አረጋግጡ

የአንዱ መድኃኒት አንዱ ፍሬ ከሌላው ፍሬ ጋር እኩል አይደለም። ሃሎፔሪዶል ባለ 1.5 ሚሊግራምም ባለ 5 ሚሊግራምም አለ። ፌኖባርቢታል ባለ 30ም ባለ 100ም አለ። ባለፈው ወር «ሁለት ፍሬ» ስትሰጡ የነበረው ባለ 1.5 ከሆነና በዚህ ወር ባለ 1.5 ጠፍቶ ባለ 5 ከመጣ፣ በለመዳችሁት ሁለት ፍሬ ከሦስት እጥፍ በላይ ሰጣችሁት ማለት ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ ፍሬ ብቻ አትጻፉ፣ ሚሊግራሙንም ጻፉ። የኪኒኑ መልክ ወይም ቀለም ከተለወጠ ሳትጠይቁ አትስጡ።

ሰዓቱንም አጥሩ። ወረቀቱ ላይ «8፡00» ብቻ ካለ ጠዋት በእኛ 2 ሰዓት ነው ወይስ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት? ሁለቱም ሲደረግ አይቻለሁ። «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቁርስ በኋላ» ብላችሁ በእኛ ሰዓት ጻፉት። በቀን ሦስቴ የተባለውም ስንት ሰዓት ስንት ሰዓት እንደሆነ አስነግሩ።

ኪኒኑን ከመጣበት ዕቃ አውጥታችሁ ስም በሌለው ብልቃጥ አታስቀምጡ። የሚያልቅበትንም ቀን ቆጥራችሁ ከአንድ ሳምንት በፊት ለመውሰድ ሂዱ። መድኃኒት ሊጠፋ ይችላል፤ ሲጠፋ የምትሯሯጡበት ቀን ያስፈልጋችኋል።

4. መስጠት

እጃችሁን ታጠቡ። ሠንጠረዡን ክፈቱ። ሰውየው እሱ ነው? መድኃኒቱ ይሄ ነው? መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ አሰጣጡስ? አምስቱንም በየቀኑ፣ ብትሸመድዱትም።

ከመስጠታችሁ በፊት ንገሩት። «ጋሼ፣ የማታ መድኃኒትዎ ነው፣ ለእንቅልፍዎ የሚረዳው» በሉ። ባይመልስም ንገሩት። በዕድሜ የሚበልጣችሁን ሰው ውስንነት ስላለበት ብቻ «አንተ» እያላችሁ አፉ ውስጥ አትጨምሩ። የሚሰጠውን የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይታገልም፣ አይተፋም።

ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ተኝቶ ወይም እየሳቀ አይዋጥም። እነ ሃሎፔሪዶል የመዋጥ አቅምን ሊያደክሙ ስለሚችሉ ማነቅ እውነተኛ አደጋ ነው። አንድ አንድ ፍሬ በውሃ ስጡ፣ ከዋጠ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሳይጋደም ይቆይ። በጉንጩ ይዞ የሚተፋ ከሆነ በርጋታ አፉን እንዲያሳያችሁ ለምኑት።

መዋጥ ካቃተው ከመፍጨታችሁ በፊት ፋርማሲውን ጠይቁ። ቀስ እያለ እንዲሟሟ የተሠራ ኪኒን ከተፈጨ የሙሉ ቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል። ይፈጭ ከተባለ ደግሞ በአንድ ማንኪያ አጥሚት አድርጋችሁ ስጡ፤ ሙሉ ሳህን ሽሮ ውስጥ ከተበተነ ግማሹን ሲተው ግማሹ መድኃኒት ቀረ ማለት ነው፣ ምን ያህል እንደወሰደም ማንም አያውቅም። ሰውየው ሳያውቅ ምግብ ውስጥ ደብቆ መስጠት ያዘዘው ሐኪምና ቤተሰቡ ተነጋግረው ካልወሰኑ በስተቀር አይደረግ። አንዴ ከነቃባችሁ ምግቡንም ይተዋል።

5. ወዲያው ፈርሙ

ከዋጠ በኋላ፣ ከመዋጡ በፊት አይደለም። ማታ አጠራቅሞ መፈረም አይሠራም፤ ፈረቃ ሲቀየር የማታዋ ልጅ «አልተሰጠውም» ብላ እንደገና ትሰጠዋለች። ካልወሰደም ለምን እንዳልወሰደ ጻፉ።

6. ከሰጣችሁ በኋላ እዩት

መድኃኒት ሲጀመር ወይም ሲጨመር የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዓይናችሁን አትንቀሉ።

*መንቆራጠጥ።* ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሃሎፔሪዶል ወይም መሰሉ ከተጀመረ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሰውየው መቀመጥ ያቅተዋል። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ቆሞ እግሩን ያፈራርቃል፣ ሲሄድ ይውላል። ውስጡ እረፍት ያጣል፣ ግን መናገር አይችልም። እናንተ «ባሰበት» ትላላችሁ፣ መጠኑ ይጨመራል፣ መንቆራጠጡ ይብሳል። መለያው ቀኑ ነው፦ መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም ከተጨመረ በኋላ የመጣ ነው ወይስ በፊትም ነበር? ደብተር ያለው ሰው ይመልሰዋል። «ይጨመርለት?» ብሎ ለሚጠይቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «መቼ ጀመረው?» የሚሆነው ለዚህ ነው።

*የአንገትና የዓይን መጠምዘዝ።* ከጥቂት ሰዓት እስከ ጥቂት ቀን ባለው ጊዜ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋው ይቆለፋል፣ ምላሱ ይወጣል። በጣም ያስፈራል። ዛር ነው፣ ቡዳ ነው ተብሎ ጭስ ሲታጠንለት የሚውል አለ። የመድኃኒቱ ጉዳት ነው፣ ጤና ተቋም በመርፌ ቶሎ ይፈታል። በዚያው ሰዓት ውሰዱት።

*መድረቅና መንቀጥቀጥ።* ፊቱ አይንቀሳቀስም፣ ልሃጩ ይዝረበረባል፣ እርምጃው ያጥራል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ይህን «ጸጥ አለ፣ ተሻለው» ብላችሁ እንዳትመዘግቡ። የተሻለው ሰው ይበላል፣ ይስቃል፣ የሚወደውን ነገር ይፈልጋል። የደረቀው ሰው ግን ዝም ብሎ የሚቀመጠው መነሳት ስላቃተው ነው።

*ሆድ ድርቀት።* ክሎርፕሮማዚን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ አርቴን። ሦስት ቀን ካልወጣ ተናገሩ። ችላ የተባለ ድርቀት አንጀት ዘግቶ ይገድላል።

*ሲነሳ መውደቅ።* ክሎርፕሮማዚን በተለይ ደም ግፊትን ይጥላል። ከአልጋ ሲነሳ መጀመሪያ ቁጭ ይበል።

*ክብደት፣ ጥማት፣ ሽንት ማብዛት።* ኦላንዛፒንና ሪስፔሪዶን ያወፍራሉ፣ ስኳርም ያመጣሉ። በየወሩ መዝኑ። ውሃ ጥም ከበዛ ስኳር ይለካ።

*የወር አበባ መቅረት ወይም ከጡት ወተት መፍሰስ።* ሪስፔሪዶንና ሃሎፔሪዶል ያደርጉታል። ዝም አትበሉ፣ ሴቶቹም አፍረው አይናገሩም።

*የአፍና የምላስ እንቅስቃሴ።* ለዓመታት ሲወስድ በኖረ ሰው ላይ ከንፈር ማላመጥ፣ ምላስ ማውጣት ከጀመረ ቶሎ ይነገር፤ ከዘገየ ላይመለስ ይችላል።

7. ሲቀር፣ ሲያስመልሰው፣ እምቢ ሲል

የረሳችሁትን ለመካስ ደርባችሁ አትስጡ። ጻፉና ጤና ባለሙያውን ደውላችሁ ጠይቁ። ካስመለሰው በራሳችሁ አትድገሙ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየና ኪኒኑ ትውኪያው ውስጥ እንዳለ አይታችሁ ደውሉ። እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ተዉትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ይሞክር። ደጋግሞ እምቢ ካለ ምክንያት አለው። ምናልባት ኪኒኑ ሆዱን ያቃጥለዋል።

8. «ሲያስፈልግ ስጡት» የተባለ መድኃኒት

ይህ አደገኛ ትእዛዝ ነው፣ ምክንያቱም ለአንዱ የሚያስፈልገው ለሌላው አያስፈልግም። አራት ነገር ሳይጻፍላችሁ አትቀበሉት፦ ምን ምልክት ሲታይ፣ ስንት ሚሊግራም፣ በሁለት ጊዜ መካከል ቢያንስ ስንት ሰዓት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢበዛ ስንት። ከመስጠታችሁ በፊት የሞከራችሁትን ጻፉ፤ ወደ ውጭ አወጣነው፣ ጩኸት ካለበት ክፍል አራቅነው። ሰው ስላነሰ ወይም ሌሊት ስለደከማችሁ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። ከሰጣችሁ በኋላ ትንፋሹን እያያችሁ ቆዩ።

9. ጾም፣ ፀበልና ቆላ

ፀበል መሄድና መድኃኒት መውሰድ አይጣሉም። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ስትሄዱ ኪኒኑን ከነሠንጠረዡ ይዛችሁ ሂዱ። «ፀበል ላይ መድኃኒት አይወሰድም» ተብሎ ለሚጥል በሽታ የሚወሰደው በድንገት ከተቋረጠ የማያቆም መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፣ እሱ ይገድላል። ፀበሉን ብዙ ጠጥቶ የሚያስመልሰው ከሆነ ኪኒኑም አብሮ ይወጣልና ሰዓቱን አራርቁት።

በጾም ወቅት የጠዋቱ መድኃኒት ከሰዓት በኋላ እንዲሆን በራሳችሁ አታዛውሩ። ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም አነጋግሩ። በረመዳን ለሚጾምም ሱሁርና ኢፍጣር ላይ መሆን ይችል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሊቲየም (ለስሜት መዋዠቅ የሚታዘዝ ኪኒን) የሚወስድ ሰው ካለ ውሃ መቀነስ መርዝ ያደርግበታል፤ መንገዳገድ፣ ጎላ ያለ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥና ትውከት ካያችሁ ውሰዱት።

ከጣርማ በር ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ስትደርሱ ሙቀቱ ሌላ ነው። እነ ክሎርፕሮማዚንና አርቴን ሰውነት ሙቀቱን እንዳያስወጣ ያደርጋሉ። ጥላ ሥር፣ ብዙ ውሃ፣ ቀለል ያለ ልብስ። ክሎርፕሮማዚን ቆዳንም በፀሐይ ያቃጥላል፣ ደጋው ላይም ቢሆን ባርኔጣ ይልበስ።

በዓል ላይ «ትንሽ ይቅመስ» ተብሎ ጠላም አረቄም አይሰጥ። ከዲያዜፓም ወይም ከፌኖባርቢታል ጋር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

10. ለቀጠሮ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ

አብሮት የሚሄደው ሰው በየቀኑ የሚያየው ይሁን፤ ዘበኛው ወይም ሾፌሩ አይበቃም። ደብተሩን፣ ሠንጠረዡን፣ ክብደቱን፣ የሚወስዳቸውን ኪኒኖች በሙሉ ከነዕቃቸው ያዙ፤ የባህል መድኃኒት ካለም ደብቃችሁ አትቅሩ። በሐኪሙ ፊት አፍራችሁ እንዳትረሱ ጥያቄዎቹን ጽፋችሁ ሂዱ፦ አሁንም ያስፈልገዋል? መጠኑ ሊቀንስ ይችላል? ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? መቼ እንደገና ይታያል?

የእንግሊዝ የጤና መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ለጠባይ ችግር የተጀመረ የሳይኮሲስ መድኃኒት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ እንዲገመገም፣ በ6 ሳምንት ለውጥ ካላመጣ ደግሞ እንዲቆም ይላል። የእኛ ቀጠሮ ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ «በወሩ መታየት ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ካልተቻለ በስልክ ለማን እንደምትናገሩ አስነግሩ። ሲቆምም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። በየቅነሳው የምታዩትን መዝግቡ።

ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል

- ከፍተኛ ትኩሳት፣ ሰውነት እንደ እንጨት መድረቅ፣ ላብና መደናገር አንድ ላይ ከመጡ። የሳይኮሲስ መድኃኒት የሚወስድን ሰው ይህ ሊገድለው ይችላል። ቀጣዩን ኪኒን ሳትሰጡ ውሰዱት፣ የሚወስደውን መድኃኒት ስም ንገሯቸው። ወባ ብቻ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ።
- የሚጥለው ህመም ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ክብሪት አታሽትቱት።
- ምላሱ ወይም ጉሮሮው ተቆልፎ መተንፈስ ካቃተው።
- ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን ወይም ፌኖባርቢታል የጀመረ ሰው ሽፍታ ከወጣበት፣ በተለይ አፉና ዓይኑ ከቆሰለ።
- መቀስቀስ ካቃታችሁ፣ ወይም ከታዘዘው በላይ ከወሰደ። ባዶውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።
- ሆዱ ተነፍቶ ሰገራ ከቆመና ካስመለሰው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የአንዱ ኪኒን ሲያልቅ ከሌላው መበደር። አንድ ዓይነት ስም ቢኖረውም መጠኑ አይገናኝም፣ የሌላውም ሰው ይጎድልበታል።

«ተሽሎታል» ብሎ ማቆም። የተሻለው እየወሰደው ስለሆነ ሊሆን ይችላል።

ለቅጣት ወይም ለማስፈራሪያ መጠቀም፤ «አርፈህ ካልተቀመጥክ መርፌ ነው»። ከዚያ በኋላ መርፌ የያዘ ነርስ ባየ ቁጥር ይሸሻል፣ የሚያስፈልገውንም ህክምና አያገኝም።

አዲስ ተንከባካቢ ሲቀጠር ሳጥኑን ብቻ ማስረከብ። ደብተሩን አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንብቡት፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናትም አብራችሁ ስጡ።

መንቆራጠጡን፣ ልሃጩን፣ ድርቀቱን «የእሱ ጠባይ ነው» ብሎ መተው። ያለ መድኃኒት እንዴት እንደነበር የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እናቱ ወይም የድሮ ጎረቤት፣ ጠይቋቸውና የሚሏችሁን በቀኑ ጻፉት።